ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት

ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ያልጻፍሁት መረጃ ጎድሎኝ አይደለም። ማን ምን እንዳለ፣ በስንት ሰዓት እንዳለ፣ ሁሉም በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሰፍሯል። ያልጻፍሁት ተቆጥቼ መጻፍ ስለማልወድ ነው። ቁጣዬ እስኪበርድ ብዬ ሁለት ዓመት ጠበቅሁ። አልበረደም። እንግዲህ ከነትኩሳቱ አንብቡልኝ።

ያኔ ከሃያ ዓመት በላይ በዘገባ ሥራ የቆየሁ የጋዜጣ ሰው ነበርሁ። ድርቅ ዘግቤያለሁ፣ ጦርነት ዘግቤያለሁ። የሁለቱንም ወገን ቃል ሳልይዝ አንድ መስመር አልጽፍም። ባልደረቦቼ «እሱ ቤቱ ቢቃጠል መጀመሪያ የእሳቱን አስተያየት ይጠይቃል» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እኔም ቀልዱን እንደ ምስጋና እቆጥረው ነበር።

ነገሩ ከመሆኑ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስለ አንዲት የሰቆጣ ኮሌጅ ተማሪ ጽፌ ነበር። ትርንጎ ትባላለች። ከሰቆጣ ባሻገር ካለው ዝቋላ ወረዳ የመጣች፣ አፏን በኽምጣንጋ የፈታች፣ አማርኛን ትምህርት ቤት የለመደች የአሥር ሺሕ ሜትር ሯጭ ናት። በጠዋት አንድ እፍኝ ቆሎ ቆርጥማ ያን ሁሉ መንገድ ትሮጣለች ብዬ ጻፍሁ። አርዕስቱ «በእፍኝ ቆሎ አሥር ሺሕ ሜትር» የሚል ነበር። አንባቢ ወደደው። እውነቱን ለመናገር እኔም ወድጄው ነበር።

በተከታዩ ዓመት በዐቢይ ጾም የኮሌጁ አሠልጣኝ ደወለልኝ። ደሳለኝ ይባላል፣ ተማሪዎቹ «ኮች» ይሉታል። «ያቺ ልጅህ ዕድሏ ሊከፈት ነው፤ ሰኞ አንድ ክለብ ሯጭ ሊመርጥ ሰው ይልካል። መጥተህ ጻፍላት» አለኝ። መንገዱ ክፍት የሆነበት ሳምንት ስለነበር ተነሣሁ። ሰቆጣ የደረስሁት ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ላይ ነው።

የኮሌጁ መመገቢያ አዳራሽ በር ላይ አንዲት ሴት ሁለት ድስት ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ቆማለች። ሂጃቧን ወደ ኋላ አጥብቃ አስራለች፣ እጅጌዋ ተሰብስቧል። እኔን ከነቦርሳዬ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«እርስዎ ነዎት የቆሎው?» አለችኝ።

«ምን አሉኝ?»

«የቆሎው ጋዜጠኛ።» በአገጯ ወደ ውስጥ ጠቆመችኝ። ጽሑፌ ከግድግዳው ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ ተለጥፏል። «ኮች ምግብ ሲቀርብ ያስነብባቸዋል። "እሷ በእፍኝ ቆሎ ሮጣለች፣ እናንተ ምን ጎደለባችሁ?" ይላቸዋል። እንኳን ደህና መጡ።»

ዘሃራ ትባላለች። የኮሌጁ የስፖርት ሥነ ምግብ ባለሙያ ናት፤ ሯጮቹ ምን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደሚበሉ የምትወስን ሰው ማለት ነው። ወይም እንድትወስን የተቀጠረች። የሰቆጣ ልጅ ናት፣ አባቷ ገበያው አጠገብ ሱቅ አላቸው። ከዚህ በፊት ሰሃላ ጤና ጣቢያ ውስጥ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ስታክም ቆይታለች። ድስቶቹን ገልጣ አሳየችኝ፦ ዘይት የጠገበ የምስር ወጥ፣ የተቀቀለ ድንች። ከጎን በጣሳ ለውዝና በጀሪካን የተበጠበጠ ተልባ አለ። ሁሉም የጾም ነው። ማንም አልነካውም። አምስት ሴት ሯጮች ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ጥላ ሥር ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ለምንድን ነው የማይበሉት?»

«ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት።»

«ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው» አልሁ።

«ቅዳሜ ቢሆንስ?»

እኔ በደብር አጥር ሥር ያደግሁ ሰው ነኝ። በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይጾማል። ቅዳሜና እሑድ ግን ሥጋና ወተት አይነካም እንጂ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ እህል ይቀመሳል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ለዘሃራ ነገርኋት። እጇ ላይ የነበረውን ጭልፋ ድስቱ ውስጥ ጣለችው።

«እኔ በምን ልወቅ? ሰው ጾም ውስጥ እጄን እንዳላስገባ ስጠነቀቅ ነው የኖርሁት። ልምምዱን ወደ ስምንት ሰዓት አዙርልኝ፣ ሮጠው ጨርሰው በዘጠኝ ሰዓት ወዲያው ይብሉ፣ ጾሙም አይነካ ብዬ ለምኜዋለሁ። "ፀሐይ ነው" አለኝ። በጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ያስሮጣቸዋል፤ ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ባዶ ሆድ! እኔ በየሳምንቱ የምመዝናቸው እንዳይቀንሱ ነው። እሱ የሚመዝናቸው እንዲቀንሱ ነው።»

ከዚያ ትርንጎን ጠራቻት። ትርንጎ ስታየኝ ፈገግ ብላ ተነሣች። ከአምናው በጣም ከስታለች፤ ጉንጯ ገብቷል፣ ዓይኗ ሰፍቷል። ዘሃራ አላዘነችላትም፣ ወይም አዘኔታዋን አላሳየቻትም።

«ለጋሼ አሳዪያቸው። በቀኝ እግርሽ ብቻ ዝለይ።»

ዘለለች።

«በግራ።»

ትርንጎ ቆመች። ሣቀች። «ትናንት ብዙ ሮጠን ነው እኮ፣ ቲቸር።»

«በግራ አልሁሽ።»

ግራ እግሯን አስተካክላ ቆመች፣ ሞከረች፣ መሬቱን ሳትለቅ ፊቷ ተጨማደደ። ዘሃራ ተንበርክካ ቅልጥሟ ላይ በአውራ ጣቷ ጫን አለች። ትርንጎ ትንፋሿን ዋጠች።

ዘሃራ የነገረችኝን በአጭሩ ላስቀምጠው። በቂ ሳይበላ የሚሮጥ ሰውነት ወጪ ይቀንሳል። በሴት ልጅ መጀመሪያ የሚቆመው የወር አበባ ነው፤ የትርንጎ ከቆመ ስምንት ወር አልፎታል። (ይህን የምጽፈው በፈቃዷ ነው።) ከዚያ አጥንት መሳሳት ይጀምራል፣ ስንጥቅ ያወጣል። ሆስፒታል ወስዳ ራጅ አስነሥታታለች፣ ምንም አልታየም። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያ ሳምንታት በራጅ ላይታይ ይችላል። ሐኪሙም ዘሃራም ዕረፍት አዘዙ። አሠልጣኙ ግን «ፎቶው ንጹሕ ነው» ብሎ በማግስቱ አስሮጣት። ለኮሌጁ ዲን ደብዳቤ ጻፈች። ዲኑ «ሰኞ ይለፍና እንነጋገራለን» አላት።

«እኔ ምንም አልሆንሁም» አለች ትርንጎ። «በእኛ አገር ሰው ሳይበላ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ገበያ ይደርሳል። ተመልሶም ያርሳል።»

ዘሃራ አጠገቧ ተቀመጠች። «አገርሽ ድርቅ ሲበረታ ሰው በመጨረሻ የሚበላው ምንድን ነው?»

«ዘር» አለች ትርንጎ ወዲያው።

«ዘሩ ከተበላ በኋላስ?»

«በኋላማ ዝናብ ቢመጣስ ምን ይዘራል?»

«ሰውነትሽ ዘሩን እየበላ ነው። አጥንትሽን።»

እኔ ጠየቅኋት፦ «ትርንጎ፣ ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙት ማን አዟችሁ ነው?»

አንገቷን ደፋች። በጣቷ አፈሩን መጫር ያዘች። «ቀኖና ነው ጋሼ።»

«ለምን?»

«በቁምጣ ስለምንሮጥ። በጾም፣ ወንድ እያየን። ኮች ለንስሐ አባታችን ለመምሬ አስፋው ነግሯቸው፣ መምሬ "ቅዳሜና እሑድን ጨምረው እስከ ዘጠኝ ይጹሙ፤ ያፈረሰች አትቆርብም" ብለዋል አለን።»

«አንቺስ መምሬን አግኝተሽ ጠይቀሻቸዋል?»

«ኧረ በምን ዓይኔ!» አለች፣ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ቀኖና የንስሐ አባት ለንስሐ ልጁ የሚሰጠው ቅጣት ነው። በሁለቱ መካከል ይሰጣል፣ በሁለቱ መካከል ይቀራል። እናት እንኳ አትሰማውም። በአሠልጣኝ በኩል የተላከ ቀኖና እኔ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ውሸት መሆኑን ያን ጊዜውኑ ጠርጥሬያለሁ። የአሠልጣኙ ብልጠትም ገብቶኛል፦ ያፈረች ልጅ ቄሱ ፊት ቀርባ አትጠይቅም።

ዘሃራ ወደ ዳር ወሰደችኝ። «አሁኑኑ ቄሱ ዘንድ ይሂዱ። እኔ ብሄድ "እስላሟ ጾም ልታስፈታ መጣች" ነው የሚባለው፣ እነዚህ ልጆች ዳግመኛ ከእጄ አይበሉም። እርስዎ ይሂዱ። ቤታቸው ከከተማው ዳር ነው፣ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።»

«እሄዳለሁ። መጀመሪያ ግን የአሠልጣኙን ምላሽ ልስማ። ነገ አሥር ሰዓት ቀጥሮኛል።»

«ምላሽ?» አለች። «እኔ አጥንት እያልሁዎት ነው!»

«ሳልሰማው ብከሰው ፍርደ ገምድል እሆናለሁ።»

ያልሁት ይህንኑ ነው፣ ደብተሬ ላይ አለ። ዘሃራ ድስቶቿን ከደነቻቸው።

እሑድ በአሥር ሰዓት ደሳለኝን ቢሮው አገኘሁት። ክፉ መልክ ያለው ሰው አይደለም። ራሱም በወጣትነቱ ሯጭ ነበር፣ ሳቂታ ነው፣ እጅ አጨባበጡ ደስ ይላል። በር አጠገብ የመመዘኛ ሚዛን አለ።

«ክለብ መጀመሪያ የሚያየው ኪሎ ነው ወንድሜ» አለኝ። «ቅለት ፍጥነት ነው። እኔ የማላውቀውን ዘሃራ ከመጽሐፍ አምጥታ ልታስተምረኝ ትፈልጋለች። የወር አበባ ቆመ ትላለች! የሯጭ ሴት ይቆማል፣ ድሮም ይቆማል። በደንብ መሠልጠኗን በዚያ ነው የምናውቀው።»

በዚህ መሐል ዘሃራ ሳታንኳኳ ገባች። እጇ ላይ የሯጮቹ የጤና ማረጋገጫ ቅጽ አለ።

«የአራቱን ፈርሜያለሁ። የትርንጎን አልፈርምም» አለችና ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«አባትሽ ስኳር ይመዝናሉ፣ አንቺ ልጆቼን» አላት እየሣቀ። «ምናለ ሱቁ ውስጥ ብትቀሪ?»

«አባቴ ሚዛን ሲሰርቁ ተይዘው አያውቁም። አንተ ከልጅ ጉሮሮ ትሰርቃለህ።»

«ስሚ፣ የእኛን ጾም ለእኛ ተዪልን!»

«እኔም የምጾም ሰው ነኝ ደሳለኝ። የታመመ እንደሚፈታለት በእኔም ሃይማኖት አለ፣ በአንተም አለ።»

በሩን ሳትዘጋ ወጣች። እኔ ጥያቄዬን ቀጠልሁ፦ «ቀኖናውን መምሬ አስፋው በቀጥታ ለአንተ ነገሩህ?»

«በቀጥታ።»

«የት? መቼ?»

«በዚያ ሳምንት... እዚያው፣ ቤተ ክርስቲያን። ወንድሜ፣ ይህ ለጋዜጣ ነው እንዴ?» ሣቁ ጠፋ። ቅጹን ስቦ ዘሃራ ልትፈርም በሚገባት ቦታ ላይ ራሱ ፈረመ። ዓይኔ እያየ።

ሲዋሽ ነበር። አውቄዋለሁ፣ ደብተሬ ላይም «ይዋሻል» ብዬ ጽፌያለሁ። ከቢሮው ስወጣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ቄሱ ዘንድ መሄድ እችል ነበር። የያዝሁትን በንጹሕ ልገልብጥ፣ ጠዋት በማለዳ እሄዳለሁ አልሁ። ለሁለተኛ ጊዜ አሳለፍሁት።

ሰኞ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ መምሬ አስፋው ደጅ ደረስሁ። ሸምገል ያሉ፣ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው፤ በረንዳቸው ላይ ዳዊት ሲደግሙ ነበር። ሰላምታ ሰጥቼ፣ መስቀል ተሳልሜ፣ ሁሉንም ነገርኋቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ደግመህ ንገረኝ» አሉኝ። «ለስንት ልጆች ነው ቀኖና የሰጠሁት?»

«ለአምስት፣ አባቴ።»

«በአሠልጣኝ እጅ? እንደ ደብዳቤ?» ዳዊቱን አጥፈው፣ ተሳልመው ማኅደሩ ውስጥ ከተቱት። «እኔ ያን ሰው አንድ ቀን አነጋግሬው አላውቅም። ቅዳሜን እህል ውሃ ከልክዬ ላስጾም? እኔ ራሴ የምወገዝበትን?» ተነሥተው መቋሚያቸውን ያዙ። «ልጂቱ ታማለች ነው ያልኸኝ?»

«እግሯን። ዛሬ በአንድ ሰዓት ትሮጣለች።»

«በአንድ ሰዓት? ታዲያ ትናንት የት ነበርህ ልጄ?»

መንገድ ጀመርን። ባጃጅ አልተገኘም። መምሬ በዚያ ዕድሜያቸው ከእኔ ይፈጥናሉ፤ ዳገቱ ላይ የማለከልከው እኔ ነበርሁ። ሜዳው ሳይታየን የሕዝቡን ጩኸት ሰማን።

ስንደርስ ከሃያ አምስቱ ዙር አሥራ ዘጠነኛው ላይ ናቸው። ትርንጎ ትመራለች። የክለቡ ሰው ሰዓቱን ይዞ ቆሟል፣ ደሳለኝ በሜዳው ዳር እየሮጠ «ቀለል! ቀለል በዪ!» ይላል። ዘሃራ ከመነሻው መስመር ላይ ቆማ እንቢ ብላ፣ ጥበቃው በክንዷ ጎትቶ አውጥቷታል፤ ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። እኛ ስንደርስ ከአጥሩ ውጭ ናት። አትጮህም። የትርንጎን ግራ እግር ብቻ ትመለከታለች።

መምሬ ማንንም ሳይጠይቁ ሜዳው ውስጥ ገቡ። ትርንጎ ገና ከሩቅ ነበረች፤ ወደ መታጠፊያው እየገባች ነው። እሳቸው መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው «ልጄ! ቁሚ!» አሉ። የሰማቻቸው አልመሰለኝም። ሁለት እርምጃ፣ ሦስት እርምጃ ሄደች። ከዚያ ያን ድምፅ ሰማሁት። የደረቀ የማሽላ አገዳ በጉልበት ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ የዚያ አገር ሰው ያውቀዋል።

ዘሃራ አጥሩን እንዴት እንደዘለለች አላየሁም። ቀድማን ደርሳለች። ከተመልካች መቀመጫ የተነቀለ ጣውላ አስመጥታ በራሷ ሻርፕ እግሩን አጥብቃ አሰረችው። ትርንጎ አላለቀሰችም። መምሬ አስፋውን አናቷ ላይ ስታያቸው ቁምጣዋን በመዳፏ ለመሸፈን ሞከረች፣ ከዚያ እንዲህ አለቻቸው፦

«መምሬ፣ ቀኖናዬ አለቀ?»

ሽማግሌው ነጠላቸውን አውልቀው አለበሷት። «ልጄ፣ እኔ ቀኖና አልሰጠሁሽም። ምንም አላጠፋሽም።»

ደሳለኝ እየሮጠ መጣ። «እናንተ ናችሁ ያስደነገጣችኋት! ስድስት ዙር ነበር የቀራት!»

መምሬ ቀና አሉ። «በእኔ ስም አስራብሃት» አሉት። «እሺ እኔስ ሰው ነኝ። በእግዚአብሔር ስም ነው ያስራብሃት።» ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ደሳለኝ ዘወር ብሎ የክለቡን ሰው ፈለገ። የክለቡ ሰው ሁለተኛ የነበረችውን ልጅ ስም እየመዘገበ ነበር። ሩጫውን ማንም አላስቆመውም።

ሆስፒታል ውስጥ ሁለተኛው ራጅ እንደ ወረቀት የተቀደደ አጥንት አሳየ። እግሯ ታስሮ ከተኛች በኋላ መምሬ ከዘሃራ እጅ ድንችና ዳቦ ተቀበሉ፣ ባረኩ፣ ቆርሰው ወደ አፏ አስጠጉ። ሰኞ ነበር፣ ገና አምስት ሰዓት። ትርንጎ ሰዓቱን አየች።

«ብዪ» አሏት። «እኔ ነኝ የምልሽ። በአፌ፣ ለጆሮሽ።»

በላች። ዘሃራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ደሳለኝ «ለሥራው አመቺነት» ሲባል ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ዛሬም ያሠለጥናል። ዲኑ አዘኑ። እኔ ዘገባ ጻፍሁ፤ የሁሉም ወገን ቃል አለበት፣ አንድም የሚታረም ስሕተት የለበትም። አጥንቱ ከተሰበረ በኋላ የተጻፈ ልክ የሆነ ዘገባ ነው። በሕይወቴ ከጻፍሁት ሁሉ እንደዚያ የምንቀው የለም።

እናንተ የምታነብቡ፣ አንድ ነገር አስቡልኝ። ድርቅ በተፈራረቀበት፣ ረሃብ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ በሚያውቅ አገር አንድ ሰው ረሃብን የልምምድ መሣሪያ አደረገው፣ እኛም በአድናቆት አጨበጨብንለት። ያጨበጨብነው ቁርሳችንን የበላን ሰዎች ነን። ደሃ ሲራብ «ጽናት» እንላለን። ልጃችን አንድ ቀን ምሳ ቢያልፋት ግን ሐኪም ቤት እንሮጣለን። እኔ «ጽናት» የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ ጽፌው አላውቅም። የሁለት ወገን ቃል መስማትም አልተውሁም፤ ግን እውነቱን የያዘው ሰው በግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ እያለ የዋሾውን ቀጠሮ ቁጭ ብዬ አልጠብቅም። ሚዛናዊነት ብዬ የጠራሁት ነገር ግማሹ ስንፍና፣ ግማሹም ፍርሃት ነበር። ይህን የተማርሁት በሰው አጥንት ነው። በዚህም እናደዳለሁ፤ ሌላ ሰው ባስከፈልሁት ዋጋ መማሬ ያናድደኛል።

ዘሃራ እዚያው ኮሌጅ አለች፣ ሯጮቹ ጠዋት ከልምምድ ሲመለሱ በር ላይ ቆማ ትጠብቃቸዋለች፤ ሳይበላ የሚያልፋት የለም። ትርንጎ ትምህርቷን ልትጨርስ ነው። ትሄዳለች፣ አትሮጥም።

ይህን ልጽፍ ስነሣ ፈቃዷን ለመጠየቅ ሰቆጣ ሄድሁ። ረቂቁን አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና «ይጻፉት» አለች።

«የምትጨምሪው አለ?»

«አንድ ቦታ ላይ "ሮጣ ወደቀች" ብለዋል። እሱን ያውጡልኝ።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«እኔ አልወደቅሁም ጋሼ» አለችኝ፣ በዚያ ረጋ ባለ አማርኛዋ። «አስርበው ሰበሩኝ። እንደዚያ ብለው ይጻፉት።»